የተጠበቁ የተፈጥሮ ሥፍራዎች፤ ዓይነታቸው፣ አስተዳደራቸውና የዜጎች መብትና ግዴታ

በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች በሕግ ወይም በማኅበረሰብ ስምምነት የተከለሉ ተራሮች፣ ደኖች፣ ሐይቆችና የሣር ምድሮች ይገኛሉ። አንዳንዶቹ ብሔራዊ ፓርክ፣ አንዳንዶቹ የዱር እንስሳት መጠለያ፣ ሌሎቹ ደግሞ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ወይም ባዮስፌር ሪዘርቭ ተብለው ይጠራሉ። ልዩነቱ የአጠራር ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ አንድ አርሶ አደር ከብቶቹን የት ሊያሰማራ እንደሚችል፣ አንድ ነዋሪ ሣር ለማጨድ ማንን ማስፈቀድ እንዳለበት፣ አንድ ጎብኚም ወደ ሥፍራው ከመግባቱ በፊት ምን ማሟላት እንደሚገባው የሚወሰነው በአብዛኛው ሥፍራው በተሰጠው ስያሜ ነው። በመሆኑም በጥብቅ ሥፍራ አቅራቢያ የሚኖር ወይም ሊጎበኘው የሚያስብ ዜጋ በቅድሚያ ሊያውቀው የሚገባው ጉዳይ የሥፍራው ዓይነትና የሚያስተዳድረው አካል ማንነት ነው።

ጥበቃው ለምን አስፈለገ?

የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በቆላማ ምድር የተከበቡ በመሆናቸው በውስጣቸው የሚኖሩ እንስሳትና ዕፅዋት ለረጅም ዘመን ከሌላው ዓለም ተለይተው ቆይተዋል። በዚህም ምክንያት በሌላ አገር የማይገኙ ብርቅዬ ዝርያዎች ሊኖሩ ችለዋል። ዋልያ በተፈጥሮ የሚኖረው በስሜን ተራሮች ብቻ ነው። የደጋ አጋዘን ከደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ውጭ አይገኝም። ቀይ ቀበሮም በኢትዮጵያ ደጋማ ምድር ብቻ የሚኖር ሲሆን፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥር ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል። እንዲህ ያለ ዝርያ ከመኖሪያው ከጠፋ ከሌላ ቦታ አምጥቶ መተካት አይቻልም።

ሁለተኛው ምክንያት ውኃ ነው። የውርጭ ምድር ሣርና ረግረግ የክረምቱን ዝናብ ይዞ በበጋ ወራት ቀስ በቀስ ይለቀዋል። ከባሌ ተራሮች የሚነሡት ወንዞች ወደ ገናሌና ወደ ዋቢ ሸበሌ ተፋሰሶች እየገቡ በታችኛው ምድር በኢትዮጵያና በሶማሊያ ለሚኖሩ ሚሊዮኖች ሕዝብ የኑሮ መሠረት ሆነዋል። ስለዚህ ከላይ በተራራው የሚቆረጥ ደን ወይም የሚታረስ ተዳፋት የሚያስከትለው ጉዳት በተራራው ላይ ብቻ አይወሰንም፤ ከሥፍራው በብዙ ርቀት የሚገኝ ገበሬና አርብቶ አደርም ይነካል።

በሕግ የተለዩ የጥብቅ ሥፍራ ዓይነቶች

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 እና እርሱን ለማስፈጸም በ2000 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163 የዱር እንስሳት ጥበቃ ሥፍራዎችን በየዓይነታቸው ለይተዋል። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ብሔራዊ ፓርክ፦ የዱር እንስሳትንና ተያያዥ የተፈጥሮ ሀብትን ለመጠበቅ፣ የአካባቢውን ውበትና ሳይንሳዊ ጠቀሜታ ለማቆየት የሚከለል ሥፍራ ነው። ከሌሎቹ ዓይነቶች ይልቅ ጥብቅ የሆነ ክልከላ ይደረግበታል። የስሜን ተራሮች፣ የባሌ ተራሮች፣ አዋሽ፣ ነጭ ሣር፣ ኦሞና ጋምቤላ በዚህ ስያሜ ይታወቃሉ።

የዱር እንስሳት መጠለያ፦ የተለየ ትኩረት የሚሹ አንድ ወይም ከአንድ በላይ ዝርያዎችን ለመጠበቅ የሚከለል ነው። ለቆርኬ የተከለለው ሰንቀሌና ለዝሆን የተከለለው ባቢሌ ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ።

የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል፦ የአካባቢው ማኅበረሰብ ከዱር እንስሳቱ ጋር አብሮ እየኖረና እየተንከባከበ የሚቆይበት ሥፍራ ነው።

ቁጥጥር የሚደረግበት የአደን ሥፍራ፦ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ሰው ብቻ በተወሰነለት ዝርያና ቁጥር መሠረት የሚያድንበት ነው። ከዚህ ውጭ የሚካሄድ አደን ሁሉ ሕገ ወጥ ነው።

በእነዚህ ዓይነቶች መካከል ያለው መሠረታዊ ልዩነት የሰው እንቅስቃሴ የሚፈቀድበት መጠን ነው። በጥብቅ ክልል ውስጥ የተለመደ የሆነው መኖርና ከብት ማሰማራት በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ክልክል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ጎረቤት ወረዳ ውስጥ ተፈቅዷል» የሚለው አነጋገር ለሌላ ሥፍራ ማስረጃ አይሆንም።

ማን ያስተዳድራል?

ጥብቅ ሥፍራዎች በፌዴራል መንግሥት፣ በክልል መንግሥታት ወይም በማኅበረሰብ ሊተዳደሩ ይችላሉ። ብርቅዬ ዝርያ የሚገኝባቸውና አገራዊም ዓለም አቀፋዊም ጠቀሜታ ያላቸው፣ ከአንድ በላይ ክልል የሚያካልሉ ወይም ከጎረቤት አገር ጋር የሚዋሰኑ ሥፍራዎች በፌዴራል ደረጃ እንዲተዳደሩ ሕጉ ይፈቅዳል። ይህንም ኃላፊነት የሚወጣው ለቱሪዝም ሚኒስቴር ተጠሪ የሆነው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። የስሜን ተራሮችና የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች በባለሥልጣኑ ሥር ይገኛሉ። ሌሎች ፓርኮችና ጥብቅ ሥፍራዎች በየክልሉ በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ይመራሉ።

አንድ ባለጉዳይ አቤቱታውን ወይም ጥያቄውን ከማቅረቡ በፊት ሥፍራው በማን ሥር እንደሆነ ቢያጣራ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ከመመላለስ ይድናል። ይህን በቅርብ የሚያስረዱት የቀበሌው አስተዳደርና በሥፍራው የሚገኘው ጽሕፈት ቤት ናቸው።

ዓለም አቀፍ እውቅና ምን ይጨምራል?

አንዳንድ ሥፍራዎች በአገር ውስጥ ሕግ ከተሰጣቸው ስያሜ በተጨማሪ በዩኔስኮ እውቅና ያገኛሉ። እውቅናው ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ቅርስነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰፈሩት 12 ቅርሶች መካከል ሁለቱ፣ ማለትም የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የኢትዮጵያ ናቸው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በመዝገቡ ሰፍሯል። ይህ እውቅና አገሪቱ ቅርሱን ለመጠበቅ ለዓለም የገባችው ቃል ነው። ስለሆነም የሥፍራው ይዞታ በየጊዜው ይገመገማል።

ሁለተኛው ባዮስፌር ሪዘርቭ ነው። የካፋና የያዩ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካ ደን በ2012፣ የጣና ሐይቅ በ2015፣ የማጃንግ ደን በ2017 ይህን እውቅና አግኝተዋል። ባዮስፌር ሪዘርቭ ከብሔራዊ ፓርክ የሚለየው ሰውን ከነኑሮው የሚያካትት በመሆኑ ነው። ሥፍራው በሦስት ቀጠናዎች ይከፈላል። በማዕከላዊው ቀጠና ጥብቅ ጥበቃ ይደረጋል። በዙሪያው ባለው መከላከያ ቀጠና ተፈጥሮን የማይጎዱ ተግባራት፣ ለምሳሌ ንብ ማነብ፣ ጥናትና ጉብኝት ይከናወናሉ። በውጭኛው ቀጠና ደግሞ ሰዎች ይኖራሉ፣ ያርሳሉ፣ ይነግዳሉ። በመሆኑም የአንድ ሰው ማሳ በባዮስፌር ሪዘርቭ ክልል ውስጥ መገኘቱ ብቻ ከእርሻው ይነሣል ማለት አይደለም፤ ወሳኙ ጥያቄ ማሳው በየትኛው ቀጠና ይገኛል የሚለው ነው።

የስሜን ተራሮች፦ ጥበቃው ሲላላና ሲጠነክር

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ሲቋቋም ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚገኙበት ይህ ሥፍራ የዓለም ቅርስ ከሆነ በኋላም ችግሮቹ አልተወገዱም። በፓርኩ ውስጥ ሰዎች ይኖሩና ያርሱ ነበር፤ የቤት እንስሳት በብዛት ይሰማሩበት ነበር፤ መንገድም በውስጡ ያልፍ ነበር። የዋልያ ቁጥርም እየተመናመነ ሄደ። በዚህ የተነሣ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ከሚገኙ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ።

ከዚህ መዝገብ ለመውጣት ከ20 ዓመት በላይ ወስዷል። በእነዚህ ዓመታት የፓርኩ ወሰን ተሻሽሎ የስልኪን፣ የቅዱስ ያሬድንና የራስ ደጀንን ተራሮች እንዲያካትት ተደርጓል፤ ስፋቱም ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር አድጓል። በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈውን መንገድ የሚተካ ሌላ መንገድ እንዲሠራ፣ የግጦሽ ጫናውም እንዲቀንስ እርምጃዎች ተወስደዋል። በፓርኩ እምብርት የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎችም በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛውረዋል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2017 ከአደጋ መዝገቡ ተሰርዟል።

ውጤቱ ታላቅ ቢሆንም ዋጋ ተከፍሎበታል። በግብርናና በከብት እርባታ ይተዳደር የነበረ ሰው በከተማ ውስጥ አዲስ ኑሮ መጀመሩ ቀላል ለውጥ አይደለም። ለእርሻ የለመደ እጅ ሌላ ሙያ መማር ይኖርበታል፤ ከማሳው ያገኝ የነበረውን እህልም በገንዘብ መግዛት ይገባዋል። ስለዚህ የዋልያ መኖሪያ መጠበቁና የተነሡት ቤተሰቦች ኑሮ መቃናቱ የአንድ ሥራ ሁለት ክፍሎች ናቸው። አንዱ ተሟልቶ ሌላው ቢጓደል ሥራው ተፈጽሟል ሊባል አይችልም።

ከአደጋ መዝገብ መውጣትም የጥበቃው ፍጻሜ አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ የተነሣው እሳት የግጭን አካባቢ ጨምሮ ሰፊ ሣርና ቁጥቋጦ አውድሟል። እሳቱን ለማጥፋት የአካባቢው ሕዝብ ወደ ገደላማው ሥፍራ ወጥቶ ተረባርቧል፤ ከውጭ አገርም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው አግዘዋል። ደረቅ ወራት በመጣ ቁጥር ይኸው አደጋ ይጠበቃል።

የመንዝ ጓሳ፦ በሕዝብ የተጠበቀ ምድር

በሰሜን ሸዋ መንዝ የሚገኘው የጓሳ ማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ከብሔራዊ ፓርክ የተለየ ታሪክ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋው ይህ ምድር ስያሜውን ያገኘው ከጓሳ ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያገለግላል። ከዚህም ሌላ አካባቢው ለድርቅ ጊዜ መጠባበቂያ ግጦሽ፣ የምንጮችም መነሻ ነው።

የመንዝ ሰዎች ይህን ምድር ለብዙ ዘመናት ሲጠብቁ የቆዩት «ቄሮ» ይባል በነበረ የራሳቸው ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። በዚህ ሥርዓት መሠረት በአባቶች ርስት የመጠቀም መብት ያላቸው ሰዎች አለቃ ይመርጣሉ፤ ምድሩም ለተከታታይ ዓመታት ከሰውና ከከብት ተዘግቶ ይቆያል፤ ሣሩ በበቂ ሁኔታ ሲያድግ በአንድነት ተከፍቶ ይታጨዳል፣ ይጋጣል፤ ከዚያም ተመልሶ ይዘጋል። ደንቡን ተላልፎ የተገኘ ሰው ይቀጣል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ የርስት ሥርዓት አበቃ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኞች መሬት ያስገኘ ቢሆንም የቄሮ ሥርዓት የቆመው በርስት ላይ ስለነበር የጓሳ ጠባቂዎች ሥልጣን አብሮ ወደቀ። በዚህም ሣሩ ያለ ገደብ ይታጨድና ይጋጥ ጀመር። ከጊዜ በኋላ ኅብረተሰቡ በየቀበሌው ተወካዮቹን መርጦ፣ አዲስ የመተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶ አቋቁሟል። የክልሉ መንግሥትም ለሥፍራው ሕጋዊ እውቅና ሰጥቶታል። ዛሬ በጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይገኛሉ፤ ኅብረተሰቡም በወሰነው ጊዜና መጠን ሣሩን ይጠቀማል።

ከጓሳ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ምድሩ የተጎዳው የተጠቃሚው ማንነትና የመጠቀሚያው ጊዜ ሳይወሰን በቀረበት ወቅት ነው። ያገገመውም ይኸው ዳግም ሲወሰን ነው። ስለሆነም የወል የተፈጥሮ ሀብት ያላቸው ሌሎች ማኅበረሰቦች ተመሳሳይ ጥበቃ ማቋቋም ከፈለጉ በመጀመሪያ በመካከላቸው ሊስማሙባቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ፤ እነርሱም የሥፍራው ወሰን፣ የተጠቃሚዎች ማንነት፣ የመክፈቻና የመዝጊያ ጊዜ፣ እንዲሁም ደንብ የሚተላለፍ ሰው የሚዳኝበት መንገድ ናቸው። ከዚህ በኋላ ስምምነታቸውን ለወረዳው አስተዳደር አቅርበው ሕጋዊ እውቅና መጠየቅ ይችላሉ።

በአቅራቢያ የሚኖሩ ዜጎች መብትና ግዴታ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው። በዚሁ አንቀጽ መሠረት በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ አማራጭ ማካካሻ፣ በቂ ድጋፍ የታከለበትን ዝውውር ጨምሮ፣ የማግኘት መብት ተሰጥቶታል። አንቀጽ 92 ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲና ፕሮግራም የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲሰጥ የሚደነግግ ሲሆን፣ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ መሆኑን ያስቀምጣል።

ከዚህ በመነሣት የአንድ ፓርክ ወሰን ሲከለል ወይም ሲሻሻል ነዋሪዎች በሚጠሩበት ስብሰባ ተገኝተው የማሳቸውን፣ የግጦሻቸውን፣ የውኃ መውረጃቸውንና የመቃብር ሥፍራቸውን ሁኔታ ማሳወቅ ይገባቸዋል። የተነገረው ሐሳብ በቃለ ጉባኤ መስፈሩን ማረጋገጥም ጠቃሚ ነው። የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝና ሌላ ማስረጃ ያለው ሰው ቅጂውን አያይዞ ሊያቀርብ ይገባል።

የዱር እንስሳት ሰብል ወይም ከብት ሲጎዱ ነዋሪው ጉዳቱ በታየበት ዕለት ለቀበሌው አስተዳደርና ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ አለበት። ጉዳት አድራሹን እንስሳ በወጥመድ፣ በመርዝ ወይም በጦር መሣሪያ መግደል በሕግ ያስጠይቃል። በተለይ መርዝ አደገኛ ነው፤ የሞተውን እንስሳ የበሉ አሞራዎችና ውሾችም ይሞታሉ።

ብዙም የማይታወቅ ሌላ አደጋ ከቤት ውሾች የሚመጣ ነው። በባሌ ተራሮች በተለያዩ ጊዜያት ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን የገደለው የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሾች የተላለፈ ነው። ስለዚህ በጥብቅ ሥፍራ ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች የክትባት ዘመቻ ሲኖር ውሾቻቸውን ማስከተብ፣ ወደ ተከለለው ሥፍራም ይዘዋቸው አለመግባት ይጠበቅባቸዋል። ክትባቱ ቤተሰቡንና ከብቶቹንም ከበሽታው ይታደጋል።

ጥብቅ ሥፍራ የሥራ ምንጭም ሊሆን ይችላል። በስሜን ተራሮች አካባቢ በስካውትነት፣ በአስጎብኚነት፣ በምግብ አብሳይነትና በቅሎ በማከራየት የሚተዳደሩ ብዙ ሰዎች አሉ። በዚህ ሥራ መሠማራት የሚፈልግ ሰው በአካባቢው ስላሉት ማኅበራትና ስለ መመዝገቢያ መስፈርታቸው ከፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ከወረዳው የቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መረጃ ማግኘት ይችላል።

ጎብኚዎች ሊያውቁት የሚገባ

ጎብኚ የመግቢያ ክፍያውን በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል አለበት። የክፍያው መጠን ለኢትዮጵያውያንና ለውጭ አገር ዜጎች የተለያየ ስለሆነ መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። በስሜን ተራሮች ጎብኚ በስካውት ታጅቦ እንዲንቀሳቀስ ይደረጋል። ለጥናትና ምርምር ወይም ለፊልም ቀረጻ የሚገባ ሰው ከመደበኛው የመግቢያ ክፍያ የተለየ ፈቃድ አስቀድሞ ከሚመለከተው አካል መጠየቅ ይኖርበታል። ድሮን ያለ ፈቃድ ማብረርም የተከለከለ ነው።

በሥፍራው ውስጥ ሊወገዱ የሚገባቸው ድርጊቶች የሚከተሉት ናቸው፦

• ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እሳት ማንደድ ወይም ያልጠፋ ሲጋራ መጣል፤
• ጭላዳዎችንና ሌሎች እንስሳትን መመገብ፣ ማባረር ወይም ለፎቶግራፍ ሲባል መክበብ፤
• ፕላስቲክና ሌላ ቆሻሻ ጥሎ መሄድ፤
• ዕፅዋት መንቀል፣ ቀንድ፣ አጥንት፣ ቆዳ ወይም ላባ ይዞ መውጣት፤
• ከተዘጋጀው መንገድ ወጥቶ መኪና መንዳት።

እንስሳትን መመገብ እንደ በጎ ሥራ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ሆኖም ከሰው እጅ መብላት የለመደ እንስሳ ወደ መንደርና ወደ ማሳ መምጣትን ይለምዳል፤ የመጨረሻውን ጉዳት የሚቀበለውም በአቅራቢያው ያለው ገበሬ ይሆናል።

ጥቆማና አቤቱታ

ሕገ ወጥ አደን፣ የደን ጭፍጨፋ፣ እሳት ወይም የዱር እንስሳት ንግድ ያየ ሰው በቅርብ ለሚያገኘው ስካውት፣ ለቀበሌው አስተዳደር ወይም ለፖሊስ ወዲያውኑ ማሳወቅ ይገባዋል። ጥቆማው ድርጊቱ የታየበትን ቦታ፣ ቀንና ሰዓት፣ የተሽከርካሪ ሰሌዳ ቁጥር ካለም እርሱን ቢይዝ ለክትትል ይረዳል። ጠቋሚው አጥፊውን ራሱ ለመያዝ መሞከር የለበትም።

በወሰን፣ በካሣ ወይም በአገልግሎት አሰጣጥ ቅሬታ ያለው ሰው በቅድሚያ ለሥፍራው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማመልከትና ማመልከቻው ገቢ ስለመሆኑ ማረጋገጫ መያዝ አለበት። በምላሹ ካልረካ ሥፍራውን ለሚያስተዳድረው የክልል ወይም የፌዴራል መሥሪያ ቤት አቤቱታውን ማቅረብ ይችላል። ክፍያና ዝርዝር መመሪያ በየጊዜው ሊሻሻሉ ስለሚችሉ ከጉዞም ከማመልከትም በፊት ወቅታዊውን መረጃ ከጽሕፈት ቤቱ መጠየቅ ይመከራል።

አንድን ተራራ ወይም ደን በሕግ መከለል የጥበቃው መጀመሪያ ነው። ጥበቃው የሚጸናው ወሰኑ ሲታወቅ፣ በዙሪያው የሚኖረው ሰው መብቱ ተከብሮለት ግዴታውን ሲወጣ፣ አስተዳዳሪውም ለቀረበለት ጥያቄ በወቅቱ ምላሽ ሲሰጥ ነው።